ሥራ ሲበዛበት በድንገት ስለሚጠፋ ኮምፒዩተር

ለዞንና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ ለባለ ይዞታዎችና ለጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች የቀረበ ትምህርት

በሬ በለስላሳ መሬት ሲያርስ ደኅና መስሎ ይውልና ወደ ዋልካው በገባ ጊዜ ከቀንበሩ ሥር ቢተኛ፥ አስተዋይ ገበሬ ወዲያው ጅራፍ አያነሣም፤ በሬውንም ለሥጋ አይሸጠውም። አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሆነ፥ ቀንበሩ አንገቱን ልጦት እንደ ሆነ፥ ፀሐዩ በርትቶበት እንደ ሆነ ይመረምራል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የጠረጴዛ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ምርመራ ይገባዋል። ደብዳቤ ሲጻፍበት ቀኑን ሙሉ ሳይታወክ ይውላል፤ ሰፊ ካርታ ሲከፈትበት ወይም ብዙ ሒሳብ ሲሰጠው ግን፥ ገመዱን ሰው የነቀለው ይመስል በአንድ ቅጽበት ጭልም ይላል። ይህ ነገር ሲደጋገም አንዱ «ቫይረስ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «መብራቱ ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም «አርጅቷልና አዲስ ይገዛ» ብሎ ማመልከቻ ይጽፋል። ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ግን የመንግሥትን ገንዘብ ያባክናል እንጂ ሥራውን አያቃናም።

ነገሩ ለእርሻ ሥራ ስለማስፈለጉ

ይህ ጕዳይ ለእርሻ ምን ያገባዋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የሕዝብ ንብረት ከሆነ ወዲህ፥ የገበሬው መተማመኛ በመሬቱ ላይ ያለው የይዞታ መብት ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው መስጠት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ምዝገባ መሬቱ በገመድ እየተለካ፥ አዋሳኞቹም በቃል እየተነገሩ በመዝገብ ይጻፉ ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን የያንዳንዱ ማሳ ወሰን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ተሠምሮ፥ ካርታው በኮምፒዩተር እንዲቀመጥ ሆነ። ለዚሁም ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት የሚባለው መዝገብ በብዙ ወረዳዎች ተዘርግቷል።

እንግዲህ ውርስ ሲተላለፍ፥ ማሳ ሲከፈል፥ የኪራይ ውል ሲመዘገብ፥ በባልና በሚስት ስም የተጻፈው ሲታደስ፥ ሥራው የሚፈጸመው በዚህ መኪና ላይ ነው። ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከደዌ ሐረዋ ቀበሌ በሌሊት ተነሥቶ፥ የሥራ ቀኑን አጥፎ፥ የመጓጓዣም ከፍሎ የመጣ ገበሬ፥ ካርታው ሊታተም ሲል ኮምፒዩተሩ ቢጠፋ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይሄዳል። ነገም ቢመጣ እንዲሁ ይሆናል። ገበሬው የሚያማው መኪናውን አይደለም፤ አስተዳደሩን ነው። ከዚህም የሚብሰው፥ መዝገቡ በሚጻፍበት ቅጽበት ኃይል ቢቋረጥ የተጻፈው ግማሽ ሆኖ ሊቀር፥ ፋይሉም ሊበላሽ መቻሉ ነው። በሁለት ወንድማማቾች መካከል ያለ የወሰን ክርክር በዚያ ፋይል ላይ ተመሥርቶ እንደሚታይ የሚያስብ አስተዳዳሪ፥ ነገሩን እንደ ትንሽ አይቈጥረውም።

ኮምፒዩተር ኃይሉን እንዴት እንደሚጠቀም

ጥፋቱን ለማወቅ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ይህ ኃይል እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ቢገባ ያቃጥለዋል። ስለዚህ በሳጥኑ ጀርባ ያለው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ክፍል 220 ቮልቱን ተቀብሎ ወደ 12፥ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ለውጦ ለያንዳንዱ ክፍል ያድላል። የመስኖን ውሃ ከዋናው ቦይ ተቀብሎ በትንንሽ ቦይ ለየማሳው እንደሚያከፋፍል የውሃ አባት ያለ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ኃይል የሚፈልገው ፕሮሰሰር የሚባለው የሒሳቡ አእምሮ ነው። ግራፊክስ ካርድ ተለይቶ የተጨመረበት ኮምፒዩተር ከሆነ ያም ካርድ ብዙ ይወስዳል። አንድ ተራ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ሥራ ሲያንስበት ከ40 እስከ 70 ዋት ያህል ይበቃዋል፤ ሥራ ሲበረታበት ግን 150 ወይም 200 ዋት ሊደርስ ይችላል፤ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ካለውም ከ300 ዋት ያልፋል። ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኃይል ሁሉ በመጨረሻው ሙቀት ይሆናል። ይህን ሙቀት ለማስወጣት በፕሮሰሰሩ ላይ ሂት ሲንክ የሚባል ባለ ብዙ ቅጠል ብረት ተጭኖ፥ በላዩም ማራገቢያ ይዞራል። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት የሚሞላው ተርማል ፔስት የሚባል ቅባት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ሥራ ሲበዛ ሁለት ነገሮች አንድ ጊዜ ይጨምራሉ፤ የሚፈለገው ኃይልና የሚወጣው ሙቀት። ስለዚህ ሥራ ሲበዛበት ብቻ የሚጠፋ ኮምፒዩተር፥ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ የተቸገረ ነው። ወይ ሙቀቱን ማስወጣት አልቻለም፤ ወይ ኃይሉን ማግኘት አልቻለም። ምርመራው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው።

ሙቀት ስለሚያመጣው መጥፋት

ፕሮሰሰር ራሱን የሚጠብቅበት ሥርዓት ተሠርቶለታል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በመጀመሪያ ሥራውን እያዘገመ ሙቀቱን ለመቀነስ ይሞክራል። ይህም ባይበቃ፥ እንዳይቃጠል ኃይሉ በአንድ ጊዜ እንዲቋረጥ ያደርጋል። እንግዲህ በሙቀት የሚጠፋ ኮምፒዩተር ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ራሱን ከመበላሸት አዳነ ማለት ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን ንቆ ደጋግሞ እያበሩ ማሠራት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ሙቀቱ የማይወጣባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው። አንደኛ፥ አቧራ በሂት ሲንኩ ቅጠሎች መካከል ገብቶ እንደ ብርድ ልብስ ሲሸፍነው፤ ሁለተኛ፥ ማራገቢያው አርጅቶ ሲያዘግም ወይም ጨርሶ ሲቆም፤ ሦስተኛ፥ ተርማል ፔስቱ ከዓመታት ብዛት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፤ አራተኛ፥ ሂት ሲንኩን የሚይዙት መቆለፊያዎች ላልተው ብረቱ ከፕሮሰሰሩ በጥቂቱ ሲለይ። አራተኛው በተለይ ኮምፒዩተሩ በመኪና ተጭኖ ረዥም መንገድ ከተጓዘ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

የከሚሴና የአካባቢው አየር

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ፥ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታም 1,400 ሜትር ያህል ነው። በደዋ ጨፋ፥ በጅሌ ጥሙጋ፥ በአርጡማ ፉርሲ፥ በደዌ ሐረዋና በባቲ ቆላማ ቀበሌዎች ሙቀቱ የበረታ ነው። በበጋ የጨፋ ሜዳ ለከብት ግጦሽ ስለሚፈለግ፥ ከዞኑም ከአፋርም ብዙ ከብትና ግመል ወደዚያ ይወርዳል፤ አቧራውም አብሮ ይነሣል። በመውቂያ ጊዜ ደግሞ የጤፍና የማሽላ ገለባ ብናኝ በነፋስ ይመጣል። ይህ ሁሉ በመስኮት ገብቶ ማራገቢያው ወደ ሳጥኑ ይስበዋል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ተፈትኖ ደኅና የተባለ ኮምፒዩተር በከሚሴ ቢጠፋ አያስደንቅም። በምሳሌ እንየው። አንድ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት ከክፍሉ አየር በ65 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ይኖረዋል እንበል። የአዲስ አበባው ክፍል 20 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ 85 ይደርሳል፤ ይህም ያለ ችግር ይሠራል። የከሚሴው ክፍል ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፥ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣራ ሥር 34 ዲግሪ ቢሆን ግን፥ ያው ፕሮሰሰር 99 ዲግሪ ይደርሳል፤ በወሰኑም ላይ ይቆማል። በዚህ ላይ ጥቂት አቧራ ቢጨመር ወሰኑን ያልፋል። መኪናው አንድ ነው፤ ሥራውም አንድ ነው፤ የተለየው አየሩ ነው። ጧት የማይጠፋ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋ፥ በጥቅምት የማይጠፋ በግንቦት የሚጠፋ ኮምፒዩተር ቢኖር፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሙቀት ሊጠረጠር ይገባል።

ከኃይል ማነስ ስለሚመጣው መጥፋት

የኃይል ችግር በሦስት ስፍራ ሊገኝ ይችላል። የመጀመሪያው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ነው። በዕድሜ ብዛት በውስጡ ያሉት ካፓሲተር የሚባሉት የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ይደክማሉ። ጥቂት ኃይል ሲጠየቅ ይሰጣል፤ ብዙ ሲጠየቅ ግን 12 ቮልት የነበረው ይወርዳል። በተፈቀደው መጠን 12 ቮልቱ ከ11.4 መውረድ፥ ከ12.6ም መብለጥ የለበትም። ከዚህ ሲያልፍ መኪናው ይጠፋል። በ1990ዎቹ ዓመታት በዓለም ላይ የተሸጡ ብዙ ኮምፒዩተሮች በካፓሲተሮቻቸው መጥፎ መሆን አናታቸው እያበጠ ያለ ዕድሜያቸው መበላሸታቸው የታወቀ ነው፤ ዛሬም በማዘርቦርዱ ላይ አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካፓሲተር ቢታይ፥ ያ ክፍል ታሟልና በባለሙያ ሊለወጥ ይገባል።

ሁለተኛው ስፍራ ዩፒኤስ የሚባለው ባለ ባትሪ መጠባበቂያ ነው። ብዙ ሰው ዩፒኤስ እስካለ ድረስ ኃይል አይጐድልም ብሎ ያምናል። ነገር ግን 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈበት ዩፒኤስ የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። በዚያው ላይ የሌዘር ማተሚያ ቢሰካበት፥ ማተሚያው ወረቀቱን የሚያግለውን ክፍል በሚያሞቅበት ቅጽበት ለብቻው ብዙ መቶ ዋት ይጠይቃል፤ ዩፒኤሱም አልችልም ብሎ ይቆርጣል። «ካርታ ሳትም ይጠፋል» የሚባለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። እንዲሁም የዩፒኤስ ባትሪ ዘላለማዊ አይደለም። በቀዝቃዛ ስፍራ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢያገለግል፥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በቆላ አገር የባትሪውን ዕድሜ በዚህ ሒሳብ መገመት ያስፈልጋል። ባትሪው የሞተበት ዩፒኤስ የግድግዳው ቮልት ለአንድ ቅጽበት ዝቅ ሲል ወደ ባትሪው ይዞራል፤ ባትሪውም ባዶ ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። አምፖሉ ግን አልጠፋምና ሰው ሁሉ በኮምፒዩተሩ ይፈርዳል።

ሦስተኛው ስፍራ የቤቱ መስመር ነው። የላላ ሶኬት፥ ቀጭን ሽቦ ያለው ማከፋፈያ፥ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ መቀጠል፥ እነዚህ ሁሉ ኃይል ያሳንሳሉ፤ እሳትም ያስነሣሉ። በአንድ መስመር ላይ የሻይ ክበቡ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም የእንጀራ ምጣድ ካለ ደግሞ፥ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ፥ በተጣደ ጊዜ የመስመሩ ቮልት ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ የሚጠፋበት ሰዓትና ምጣዱ የሚጣድበት ሰዓት አንድ እንደ ሆነ ማስተዋል ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

መድኃኒት ከምርመራ በኋላ ይመጣል። በአንድ ጊዜ አምስት ነገር የለወጠ ሰው መኪናው ቢድን እንኳ የቱ እንዳዳነው አያውቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው በተራ ይፈጸም፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ።

1ኛ፤ ከምርመራው በፊት የመዝገቡና የካርታው ሁሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። ይህ ሳይሆን ሌላው አይጀመር።

2ኛ፤ አጠፋፉ እንዴት እንደ ሆነ ይለይ። በአንድ ቅጽበት ጭልም ካለ ሙቀት ወይም ኃይል ነው። ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ፥ ወይም ደርቆ ቆይቶ ከሆነ ግን የራም፥ የዲስክ ወይም የፕሮግራም ችግር ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ሰማያዊውን ገጽ ሳያሳይ ወዲያው እንደገና እንዲነሣ ተደርጎ ከሆነ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገው ትእዛዝ ይጥፋ። በዊንዶውስ የክንውን መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ መኪናው በደንብ ሳይዘጋ መጥፋቱን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ይህን አይቶ ፓወር ሰፕላይ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

3ኛ፤ ከጠፋ በኋላ ያለው ጠባዩ ይታይ። ወዲያው ሲያበሩት በደንብ የሚነሣ ከሆነ ወደ ኃይል ያመለክታል። አልነሣም ብሎ፥ ወይም ተነሥቶ ወዲያው ጠፍቶ፥ ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ወደ ሙቀት ያመለክታል። ገመዱ ተነቅሎ እስኪመለስ ድረስ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመጠበቅ ዘግቶ ይሆናል። ይህ ምልክት ነው እንጂ ቍርጥ ፍርድ አይደለም።

4ኛ፤ የሙቀቱ መጠን ይለካ። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን የመሰለ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ሙቀት በየጊዜው ያሳያል። ሥራ ሳይበዛ ያለው ይጻፍ፤ ከዚያም ኦሲሲቲ በሚባለው የመፈተኛ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ ብቻ ይጫን፤ አንድ ሰውም ቍጥሩን እየተከታተለ ይመዝግብ። ከ95 ዲግሪ ካለፈ ፈተናው ይቁም፤ የተፈለገው ታውቋልና። ሙቀቱ በጥቂት ደቂቃ እየወጣ ወደ 100 ቀርቦ ከጠፋ ነገሩ ሙቀት ነው። በ60 ወይም በ70 ዲግሪ ሳለ፥ ሥራው በጀመረ በጥቂት ሰከንድ ከጠፋ ነገሩ ኃይል ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻ ሲጫን ጸንቶ፥ ግራፊክስ ካርዱ ሲጫን ከጠፋ ወይ ካርዱ ነው፥ ወይ ፓወር ሰፕላዩ ሁለቱን መሸከም አልቻለም።

5ኛ፤ ፕሮግራሙ ባይገኝ የሳጥኑ የጐን ክዳን ተከፍቶ የክፍል ማራገቢያ ፊት ለፊቱ ይቁም፤ ያው ከባድ ሥራም ይሰጠው። ቀድሞ በአምስት ደቂቃ ይጠፋ የነበረው አሁን ግማሽ ሰዓት ከጸና ምክንያቱ ሙቀት መሆኑ ተረጋገጠ።

6ኛ፤ ሙቀት ካልሆነ ኃይሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ይመርመር። በመጀመሪያ ማተሚያው ከዩፒኤሱ ይነቀል። ቀጥሎ ለፈተና ያህል ብቻ ኮምፒዩተሩ ያለ ዩፒኤስ በቀጥታ ከደኅና ሶኬት ይሰካ፤ በዚህ ከጸና ጥፋቱ የዩፒኤሱ ነው። ከዚያም የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሶኬቱን ቮልት፥ ከባድ ሥራው ሲጀመርና ምድጃው ሲበራ፥ በመልቲሜትር ይለካ፤ ከ198 እስከ 242 ቮልት መካከል ካልሆነ መስመሩ ይታይ።

7ኛ፤ ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ከሌላ ደኅና ኮምፒዩተር አቅሙ የማያንስ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መለወጥና መፈተን ነው። በአዲሱ ከጸና የድሮው ይጣል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለራሳቸው ኮምፒዩተር የተለየ መሰኪያ ስለሚሠሩ፥ መሰኪያው መግጠሙ አስቀድሞ ይታይ። በአዲስ ፓወር ሰፕላይም ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊጠረጠር ይገባል፤ ይህም ለባለሙያ የሚተው ነው።

ስለ ማጽዳት

ኮምፒዩተሩ ይዘጋ፤ ገመዱ ይነቀል፤ የማብሪያው ቍልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል ይውጣ። ሳጥኑ ወደ ደጅ ይውጣ፤ በቢሮ ውስጥ የተነሣ አቧራ ወደ ጎረቤቱ ኮምፒዩተር ይገባልና። የሚያጸዳው ሰው አስቀድሞ የሳጥኑን ብረት ይንካ፤ በሰውነቱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ጥቃቅኑን ክፍል እንዳይጐዳ ነው። የማራገቢያው ቅጠል በጣት ተይዞ አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ይውጣ። ማራገቢያው ተለቆ በነፋስ ኃይል ቢሽከረከር ይጐዳል። እርጥብ ጨርቅ አይግባ፤ በአፍም አይነፋ፤ ምራቅ ይገባበታልና።

ሙቀቱ ከጽዳቱ በኋላም ካልቀነሰ ሂት ሲንኩ ተነሥቶ የደረቀው ቅባት በንጹሕ አልኮልና በጨርቅ ይጠረግ፤ የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ ተርማል ፔስት በፕሮሰሰሩ መካከል ይደረግ፤ ሂት ሲንኩም በአራቱ ማዕዘን ተስተካክሎ ይታሰር። ቅባቱን ማብዛት አይጠቅምም። በከሚሴ ዓይነት አቧራማ አገር በየ3 ወሩ ማጽዳት፥ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱም ቅባቱን ማደስ መልካም ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ይከልከል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ማንም አይክፈት። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ሰው የሚገድል ኃይል ተጠራቅሞ ይቆያል። ከውጭ በኩል በአየር ማጽዳት ይበቃል፤ ከታመመም ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

ለጊዜው የሚሆን ማስታገሻ

መለዋወጫ እስኪመጣ ሥራው እንዳይቆም ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል። ከባዱ የካርታ ሥራ ጧት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፥ ክፍሉ ሳይሞቅ ይሠራ። በዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ክፍል የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ አቅም ከመቶ 80 እንዲሆን ይታዘዝ፤ ሥራው ጥቂት ይዘገያል፥ ሙቀቱና የሚፈልገው ኃይል ግን ይቀንሳል። ሳጥኑም ከወለል ተነሥቶ፥ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፥ ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። ለጌጥ የሚለብሰው ዳንቴል ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ አቧራ ይከላከላል፤ ሲሠራ ግን ያፍነዋልና ይነሣ።

የአስተዳዳሪው ድርሻ

ካቻቪቴ መያዝ የአስተዳዳሪ ሥራ አይደለም። ሥርዓት ማቆም ግን የእርሱ ነው። በየኮምፒዩተሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ በአፋን ኦሮሞ ቢሆን በአማርኛ፥ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቍጥር ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ይሠራ የነበረው ሥራ፥ የክፍሉ ሙቀት፥ መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ይጻፍበት። የአንድ ወር ደብተር ያነበበ ባለሙያ የግማሽ ቀን ድካም ይቀርለታል። አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛ የሚል ማመልከቻ ሲቀርብም፥ ይህ ደብተርና ከላይ የተጻፈው ምርመራ ውጤት አብሮ ካልተያያዘ አይፈረምበት። የአንድ ማራገቢያና የአንድ ቱቦ ተርማል ፔስት ዋጋ ከአዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

አዲስ መግዛት የግድ በሆነ ጊዜ ደግሞ የግዢው ዝርዝር በቆላ አገር የሚሠራ መሆኑን ይግለጽ፤ የፓወር ሰፕላዩ አቅም ኮምፒዩተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከሚፈልገው በቂ ትርፍ ያለው ይሁን፤ ርክክቡም በከሚሴ፥ ከባዱ የካርታ ሥራ እየተሠራበት ከተፈተነ በኋላ ይፈጸም። ማተሚያው ከዩፒኤስ ውጭ የራሱ ሶኬት ይኑረው። ለሻይ ክበቡ ምድጃ የተለየ መስመር ይዘርጋለት። የመዝገቡ ቅጂ በየቀኑ ይወሰድ፤ አንዱም ቅጂ ከዚያ ቤት ውጭ ይቀመጥ።

በመጨረሻም በመዝገብ ሠራተኛው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ይታሰብበት። ኮምፒዩተሩ እየጠፋ ሥራው ሲጓተት ሠራተኛው ሰነፍ ይባላል፤ ባለጉዳዩም ገንዘብ ሊቀበለኝ ፈልጎ ያመላልሰኛል ብሎ ይጠረጥረዋል። ሠራተኛውም ተግሣጽ ፈርቶ የጠፋበትን ሥራ ይደብቃል፤ የጐደለው ካርታም ሳይታወቅ በመዝገብ ይቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፥ ጥፋት የሚነገርበት መሥሪያ ቤት ጥፋቱ ይታረምለታል። ስለዚህ ዛሬ ጠፋብኝ ብሎ በደብተሩ የጻፈ ሠራተኛ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ገበሬውም የማሳውን ካርታ በመጣበት ቀን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ከዚህ ተነሥቶ ነው።